ነፋሱ ደጅ ቀረ

አዳማ ነፋስ ነው፤ የቀረው አቧራ።
ከከተማው ማዶ፣ ከጎራ ለጎራ፣
ባለ ሦስት ክንዶች፣ ነጫጭ ምሰሶዎች
ነፋስ ያጭዳሉ እንደ ደቦ ሰዎች።
የታጨደው ነፋስ በሽቦ ተጭኖ
ከኛ ግድግዳ ላይ ይወርዳል ኃይል ሆኖ፤
ባትሪ ይሞላል።
ነፋሱ ራሱ ግን
ደጅ ቆሞ ያፏጫል።

ከፍራንኮ ታክሲ የያዘ ያውቀዋል፤
አንዱ መስኮት ቢከፍት አሥሩ ይጮኽበታል፦
«ዝጋው እንጂ ወንድሜ! ነፋስ ልታስመታን ነው?»
ወዳጅ ስናሞግስ እንኳ የምንለው ይኸው ነው፦
«መሀላቸው ነፋስ አይገባም።»
እንዲህ ነው ያደግነው። እኔም የተለየሁ አይደለሁም።

ክፍሉ ከክር መጋዘኑ ጀርባ ነው፤ አንድ በር፣ አንዲት አምፖል።
የአራት ፎርክሊፍት ባትሪ፣ አንዱ ብቻውን ወይፈን የሚያክል፣
ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከቻርጀሩ አገናኛለሁ፣
ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፤ ውኃቸውን አያለሁ፣
መዝገብ ላይ እፈርማለሁ።
ሌሊት ስምንት ግድም፣ ጠግበው ሊያበቁ ሲሉ፣
ያለ እሳት ይፈላሉ፤
ክዳኑ እንደ ተነሣ የጠላ ጋን፣ ጆሮ ላስጠጋ ሰው፣
ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላሉ።

ጋሽ ወርዶፋ ቅንድብ የለውም።
«የት ጣልከው?» ሲሉት «ሞጆ ረሳሁት» ከማለት በቀር አያብራራም።
ሥራ ባስተማረኝ ሰሞን እንዲህ አለኝ፦
«አፍንጫህን የሚቆነጥጠው ኮምጣጣው አሲዱ ነው፤
እሱ ስሙን ጠርቶ የሚመጣ ጠላት ነው።
እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው፤ ሽታ የሌለው፣ መልክ የሌለው፣
ከአየር ቀሎ ሽቅብ የሚወጣው፣
ጣሪያ ሥር ተሰብስቦ ዝም ብሎ የሚቀመጠው።
ከመቶ አራት እጅ ሲሞላ
አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች፤
ከሲጋራ ትምጣ ከመፍቻ፣ ለሱ ግድ የለው።
ስለዚህ ቻርጀሩን ሳታጠፋ ገመድ አትንቀል።
ከሁሉ በፊት ግን፣ ልጄ፣ ቀና በል።»

እኔ የማየው ውኃውን፣ ሰዓቱን፣ መዝገቡን ነበር።
ማን ቀና ብሎ ያያል፣ ደመወዙ ታች ሲቆጠር?

ኅዳር ነው። ተረኛ አልነበረም፤ ለምን እንደ መጣ አላወቅኩም።
በሩ ላይ ቆመ። አልገባም።
«ስልክህን እንዳታወጣ» አለኝ። ቀጥሎ፣ ቀስ ብሎ፦
«ቀና በል።»

ቀና አልኩ።
ከጣሪያው ሥር፣ የነፋስ መውጫው ቀዳዳ ላይ
የተጠቀጠቀ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ግራ ኪሱ የተቀደደ፤
የኔ ቱታ።
አቧራው ፓስታዬ ላይ ሲዘንብ፣ አንገቴ አልዞር ሲል፣
«ነፋስ መታኝ» ብዬ በገዛ እጄ የደፈንኩት፣ ጥቅምት፣ አንድ ለታ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሌሊት? መዝገቡ ይህን አይጠይቅም።

አልተቆጣኝም። ከኮሪደሩ ዋናውን አጠፋ።
ማንጎራጎሩ ቆመ፤ ባትሪዎቹ ጥቂት ፈልተው ዝም አሉ።
በሩን ወለል አድርገን ደጅ ቆየን።
እሱም ሲጋራውን አላወጣም፤ እኔም ቃል አልተነፈስኩም።
ብዙ ቆይቶ «የእንጨቱን መሰላል» አለ፣ «የብረቱን አይደለም።»

ወጣሁ። ፊቴ ከማይታየው ነገር ጋር ተፋጠጠ።
ትንፋሼን ይዤ ጨርቁን ሳብኩት።
ነፋሱ እንደ እንግዳ አላንኳኳም፤ እንደ ባለቤት ገባ፣
የወር ፊርማዬን ቅጠል በቅጠል ገለበጠ፣
አቧራውን አምጥቶ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ አስቀመጠ።
ጋሽ ወርዶፋ ቅንድብ በሌለው ግንባሩ ሳቀ፦
«ብላ እንጂ!»
በላሁ። ጥርሴ ላይ አሸዋ፣ አንገቴ ላይ ነፋስ።

ጠዋት፣ ወደ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ መስኮት ከፈትኩ።
አሥሩም ጮኹብኝ፦
«አንተ ሰውዬ! ነፋስ ልታስመታን ነው?»

«አዎ» አልኩ።